ለሞተሩ የተላኩ ሽማግሌዎች

የሰደበው ገሠሠ ነው። ቀኑ ጥር 12፣ ዘመኑ 1965፣ የቃና ዘገሊላ ለት፤ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን፣ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት። ኢተፋ ሰንበታ ይህን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። እዚያ ማን ማን እንደነበረ፣ ማን አፉን በነጠላው ሸፍኖ እንደሳቀ፣ ማን ደግሞ ሳይሸፍን እንደገለፈጠ ጠይቁት፤ አንድ ሰው አይዘልም።

ያን ለት ጋሪውን ከግራሩ ጥላ ሥር አቁሞ መንገደኛ ይጠብቅ ነበር። ገሠሠ ቀዩን ሙስታንግ እያስጓራ መጥቶ አጠገቡ አቆመው። አባቱ ፊታውራሪ በአቦምሳ በኩል ዓይን የማይጨርሰው መሬት ነበራቸው፤ መኪናውንም አስመራ ከነበሩ አሜሪካኖች ገዝተው ለልጃቸው ያመጡለት እሳቸው ናቸው። ስምንት ሲሊንደር ነው። ሲነሳ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አልጋ ሥር ይገባል ይባል ነበር። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ ኮፈኑ እንደ በሬ ጀርባ ይሞቃል። ኢተፋ ሳያስበው መዳፉን አሳረፈበት።

«እጅህን አንሳ» አለ ገሠሠ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ኮፈኑን ጠረገና፣ «የጋሪ ነጂ እጅ ለልጓም ነው የተፈጠረው፣ ለኮፈን አይሆንም» አለ።

ተሳቀ። ኢተፋ ጋሪው ላይ ወጥቶ ልጓሙን ሳበ። መልሱ የመጣለት ወደ ሞጆ ሲሄድ መንገድ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ አጠገቡ ከፈረሱ በቀር ማንም አልነበረም፣ ለፈረሱ ነገረው። ከዚያ ወዲህ ያ መልስ ሆዱ ውስጥ እየተገላበጠ ኖረ። አንዳንዴ ያሳጥረዋል፣ አንዳንዴ ያስረዝመዋል፣ የሚያቀብለው ሰው ግን አላገኘም።

ቀን ደግሞ የማይጥለው ሰው የለም። 1967 መጣ፣ መሬት ለአራሹ ተባለ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ፊታውራሪም ታሰሩ። ያን ሰሞን ገሠሠ በእግሩ ኢተፋ ቤት ድረስ መጣ። «ኢተፋ ወንድሜ» አለ። ወንድሜ! ከሁለት ዓመት በፊት በመሐረብ የተጠረገ ሰው አንድ ቀን ወንድም ይሆናል።

«መኪናዬን ሊወስዱብኝ ነው» አለ ገሠሠ። «ሞተር የሌለው ቆርቆሮ ግን ማንም አይወርስም። አንተ ሞተሩን አውጥተህ ውሰደው። እነሱ እጅ ከሚገባ ላንተ ይሁን። ያንተ ነው፣ ጨርሻለሁ።»

የገሠሠ እናት ወይዘሮ አበዛሽም ቤታቸው በረንዳ ላይ ቆመው ይህንኑ ሲደግም በጆሯቸው ሰምተዋል። ሁለቱ ወንዶች ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥለው ከኮፈኑ ሥር አወጡትና በጋሪው ላይ ጭነው ጭድ አለበሱት። ያን ሁሉ ብረት የጎተተው ያ ጋሪ ነው፣ ልጓሙን የያዘውም ያ እጅ። ሞጆ ሲደርሱ የፈረሱ ጉልበት ተብረከረከ፤ ኢተፋ ወርዶ በእግሩ እየሄደ፣ ዳገት ላይ በትከሻው ከኋላ እየደገፈ ዓለም ጤና አደረሰው። የሚስቱ የጉዲቱ አገር ነው። ገሠሠ ግን ከዚያ በኋላ፣ ደህና ገባህ ወይ ብሎ አንድ ቃል አልላከም።

ሞተሩ እዚያ ሥራ ያዘ። ኢተፋ ከግንድ አልጋ ሠርቶ አስቀመጠው፣ ከውሃ ፓምፕ ጋር አገጣጠመው፣ በቤንዚን እያስነሳ በላምባ እያዞረ ሽንኩርት አጠጣበት። በአገሩ ደንብ ደግሞ ማንም ባለ ሞተር አመሻሽ ላይ ሥራ ሲጨርስ እሳት አከፋፋዩን ከፍቶ፣ ከክዳኑ ሥር ያለችውን አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ሮተር ነቅሎ ኪሱ ይከታታል። እሷ ከሌለች እሳት ቤንዚኑን ወደሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አይደርስም። ሞተሩን ቢሰርቁት አይነሳም፣ ውሃውንም ጎረቤት ተደብቆ አይስበውም። እረኛ በሩን ሳይዘጋ እንደማይተኛ ሁሉ፣ የዓለም ጤና ሽንኩርተኛም ሮተሩን በኪሱ ሳይዳብስ እራት አይቀርብም። ኢተፋ ይህን እየነቀለና እየመለሰ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ እጁ ራሱ ያውቀዋል፣ ጭንቅላቱን አይጠይቅም።

በ1976፣ ፀሐዩ ምድሩን በሚሰነጥቅበት በመጋቢት ወር፣ ሽማግሌ መጣ።

ሁለት ናቸው። አንዱ ኦቦ ሆራ፣ የኢተፋን አባት የሚያውቁ፣ ራሳቸውም በጉልበታቸው ዘመን ጋሪ የነዱ ሽማግሌ። ሌላው ናዝሬት ላይ ሸቀጥ የሚነግደው አቶ ራህመቶ፣ የገሠሠ ጓደኛ፣ ስለ አሜሪካ መኪና ሲያወራ ገበያተኛ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው። ፓምፑ አጠገብ ባለው ግራር ሥር ተቀመጡ። ጉዲቱ እርጎ አቀረበች። ኦቦ ሆራ «አካም ጅርቱ» ብለው የከብቱን፣ የልጁን፣ የዝናቡን ደህንነት ጠይቀው ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ የመጣነው ለጋብቻ ነው» አሉ።

«ማንን?» አለ ኢተፋ። «እኔ ያለኝ ወንድ ልጅ ብቻ ነው።»

«እሷን ነው» አሉና በዱላቸው ወደ ሞተሩ አመለከቱ። «አንድ ሙሽራ ናዝሬት ተቀምጦ ይጠብቃታል። ቀይ ነው፣ ቁመናው ያማረ፣ ብቻ ደረቱ ባዶ ነው።»

ጉዲቱ ቶሎ ገባችበት። «ልጃችን ሽንኩርት እያጠጣች ያደገች ናት። ከተማ ወስዳችሁ ሥራ ልታስፈቷት ነው? ደግሞስ ጥሎሹ የታለ?»

«ላንድ ቀን ነው እናቴ» አለ ራህመቶ እየሳቀ። «ለላብ አደሮች ቀን፣ ስታዲየሙ ውስጥ የድሮ መኪናዎች ይታያሉ ተብሏል። ኮሚቴው ፈቅዷል። የኔ ዶጅ አለች፣ የመምህር ነጋሳ ኦፔል አለች። ያለ ሙስታንጉ ግን ያ ትርኢት ሰርግ አይባልም፣ ተዝካር ነው። ገሠሠ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዶሮ ሲያረባበት የኖረውን መኪና አጥቦ አስቀባው። አልቅሶ ነው የላከን።»

«ራሱ ለምን አልመጣም?» አለ ኢተፋ።

«አፈረ።»

«ምን አሳፈረው? ያለኝን ያስታውሳል ማለት ነው?»

ነገሩን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ኢተፋ ያልነገረው ሰው የለምና። ራህመቶ ራሱን አከከ። «ጠይቄዋለሁ፣ አልዋሽህም። ‹እኔ? መቼ? አላስታውስም› ነው ያለኝ። ልጅነት ነው ኢተፋ። አፍ ያመጣውን ልብ አያውቀውም።»

ኢተፋ ይህን ሲሰማ ስድቡን እንደ አዲስ ተሰደበ። ሰው ወግቶህ ቢያስታውስ አንድ ነገር ነው፤ ቢያንስ ቁስሉን ሁለት ሆናችሁ ትይዙታላችሁ። ወግቶህ ከረሳው ግን ዕዳው ሁሉ ያንተ ብቻ ይሆናል።

«እሺ፣ ይውሰደው» አለ። «ግን በአንድ ነገር። ስታዲየሙን ሲዞር ጋቢና አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ። በሩንም በገዛ እጁ ይከፍትልኛል፣ ሕዝብ እያየ። ሌላ ጥሎሽ አልፈልግም።»

«ይቅርታ ይበልህ እንጂ ምነው?» አሉ ኦቦ ሆራ። «በር ምን ያደርግልሃል?»

«ይቅርታ አፍ ነው ኦቦ ሆራ። አፍማ ይረሳል አላላችሁም? እጁ ይክፈተው።»

ሽማግሌው ሳቁ፣ ግን ዓይናቸው አልሳቀም። «አባትህም እንዲህ ነበር» አሉ። «በቅሎ ረገጠችኝ ብሎ በቅሎዋ እስክትሞት አላናገራትም።» ከዚያ መርቀው ተነሱ። ጎረቤቱ ለጥቂት ቀን ውሃ ሊያጋራው ተስማማ፣ ሞተሩም በጭነት መኪና ናዝሬት ወረደ።

በበዓሉ ዋዜማ፣ ራህመቶ ሱቅ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ሙስታንጉ ሞተሩ ተመልሶለት ቆሞ ኢተፋ ሲያየው አንድ አፍታ ቂሙን ረሳው። ቀለሙ እንደ ድሮው አይደለም፣ የተገኘው ቀለም የእሳት አደጋ መኪና ቀይ ነው። ቢሆንም ያ ረጅም አፍንጫ፣ ያ እንደሚዘል አውሬ የተሰበሰበ ወገብ ያው ነው። ሦስቱ የመኪና ወዳጆች በባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጠው አምቦ ውሃ ይጠጣሉ፣ ወሬያቸውም ደርቷል። ገሠሠ ከስቷል፣ ፀጉሩም ሳስቷል፤ አሁን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ኢተፋን «ደህና ዋልክ» ብሎ አንድ ባዶ ሳጥን በእግሩ ገፋ አደረገለት።

«ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ዶጅን የሚይዘው የለም» ይላል ራህመቶ።

«ቀጥ ያለ መንገድ የት አለህና?» ይላል መምህር ነጋሳ፣ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሔት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ። «ሶደሬ መውረጃ ላይ ያንተ ዶጅ እንደ ነፍሰ ጡር ነው የምትታጠፈው። ይሄ ግን የሦስት መቶ ፈረስ ጉልበት ነው፣ ያውም ቀላል ጀርባ ላይ።»

«ሦስት መቶ ፈረስ» አለ ኢተፋ። «እኔ አንድ ነበረኝ። እሱንም መመገብ አቅቶኝ ነበር።»

ሳቁ። ደስ አለው፣ ወዲያውም ደስታው ጎመዘዘው፤ በሱ ነው የሳቁት ወይስ ከሱ ጋር? ይህን መለየት ከተሳነው ቆይቷል።

ገሠሠ አምቦ ውሃውን አስቀመጠ። «ሦስት መቶ ፈረሱን ላምባ አጠጥተኸው ኖረሃል አሉ» አለ።

«ላምባም ጠጥቶ ሽንኩርት አብልቶኛል። አንተ ጋ ቤንዚን ጠጥቶ ምን አበላህ?»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ራህመቶ ጭኑን እየመታ።

ገሠሠ ወሬውን ለመመለስ ወደ ነጋሳ ዞረ። «ከወለንጪቲ እስከ ናዝሬት ፈጣኑን ባቡር፣ ኦቶራዩን፣ የቀደምኩት በዚህ ነው። ሐዲዱ ዳር ዳሩን፤ መንገደኛው ሁሉ በመስኮት እያጨበጨበ። ጣቢያ ገብቼ ሲጋራ አጭሼ ነው የደረሰው።»

«ያን ለት ጣቢያ ነበርኩ» አለ ኢተፋ። ክፋት አስቦም አልነበረም፣ ትዝ ስላለው ብቻ ነው። «ኦቶራዩ ሐዲዱ ላይ ግመል ገብቶበት ቆሞ ነበር። መንገደኞቹን ሄደን ያመጣናቸው እኛ ነን፣ በጋሪ።»

ራህመቶ በሳቅ ከሳጥኑ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። ነጋሳም መጽሔቱን ፊቱ ላይ አደረገ። ገሠሠ ፈገግ አለ፣ ፈገግታው ግን ከጥርሱ ወደ ውስጥ አልዘለቀም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተሩን ሞከሩት። ገሠሠ ቁልፉን አዞረ፤ ማስነሻው ሞተሪኖ አንዴ ሁለቴ አቃሰተና ያ ድምፅ ግቢውን ሞላው። የቆርቆሮው አጥር ተርገፈገፈ። ገሠሠ መሪውን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንባም መጣበት። ኢተፋ ይህን አይቶ ልቡ ለአፍታ ራራ፤ ምናልባት ነገ በሩን ሲከፍትልኝ ይበቃል፣ እጅም እጨብጠዋለሁ፣ ያንን የድሮውን መልስ ለጅብ እጥለዋለሁ ብሎ አሰበ። ሞተሩ ጠፋ። ሌሎቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ውስጥ ገቡ። ዓለም ጤና ላይ ሥራ በሚያልቅባት በዚያች የምሽት ሰዓት ኢተፋ ለብቻው ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየና፣ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው። መዳፉንም አሳረፈበት። ማንም እጅህን አንሳ አላለውም።

በማግስቱ ስታዲየሙ ጢም ብሏል። መፈክር ነበር፣ ሰልፍ ነበር፣ የማርሽ ባንድ ነበር። ከዚያ የድሮ መኪናዎቹ ተራ ደረሰ። አሜሪካዊ መኪና በዚያ ቀን እንዴት ይታያል ተብሎ ኮሚቴው ስለተከራከረ፣ በመጨረሻ ሙስታንጉ ጎን ላይ «የፊውዳሉ ቅንጦት ዛሬ የሰፊው ሕዝብ ቅርስ» የሚል ጨርቅ ታሰረበት። የፊውዳሉ ልጅ ጨርቁን በገዛ እጁ አሰረ፤ መኪናውን ይንዳ እንጂ አንገቱ ላይም እሰሩልኝ ይል ነበር። ድምፅ ማጉያው የተያዘው በኮሚቴው ሰብሳቢ በጓድ አብተው ነው።

ኢተፋ ዋናውን ልብሱን ለብሷል፤ አብራው ናዝሬት የመጣችው ጉዲቱ ጠዋት የተኮሰችለትን ኮት፣ በጋ የማይለበሰውን። ገሠሠ በመኪናው ዙሪያ ሄደና፣ የሕዝቡ ዓይን ሁሉ እዚያው ሳለ፣ የጋቢናውን በር ከፈተ። «ግባ» አለ ቀስ ብሎ። ኢተፋ ገባ። መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፣ ሰው ወደ ኋላ ያስተኛል። ከመስታወቱ ማዶ ኮፈኑ ረጅም ሆኖ ያበራል። ኦቦ ሆራ ከሕዝቡ መካከል ዱላቸውን ከፍ አድርገው አሳዩት። የጣቢያው ጋሪ ነጂዎችም እዚያ አሉ፣ አንዱ «ኢተፋ! ደሞ እንዳትወርድ!» ብሎ ጮኸ። ኢተፋ የፈለገው ይህን ነው፤ አገኘው። አሁን ዙሩ ብቻ ነው የቀረው።

ዶጇ ዞረች፣ ኦፔሏም እያሳለች ዞረች። ጓድ አብተው በማጉያው «ቀጥሎ ስምንት ሲሊንደር…» አለ። ገሠሠ ቁልፉን አዞረ።

ሞተሪኖው አሽከረከረ። እሳት የለም። እንደገና አዞረ። ሞተሩ እንደ ሰነፍ አህያ ራሱን ነቀነቀና ዝም አለ። ሕዝቡ መጀመሪያ ጠበቀ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ፣ ከዚያ ከአንድ ጥግ ፉጨት ተነሳ። ገሠሠ ቤንዚኑን ረገጠ፣ አሁንም አዞረ። ግንባሩ ላይ ላቡ ቸፍ አለ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ጓድ አብተው ማጉያውን ሳይዘጋ፤ ቃሉ በስታዲየሙ ላይ ተሰማ። ወደ መኪናውም በፍጥነት መጣ።

ያኔ ነው የኢተፋ እጅ፣ በራሱ ጊዜ፣ ወደ ኮቱ ኪስ የገባው። አመሻሽ ላይ ኪሱን መዳበስ የለመደ እጅ ነው። ጣቶቹ አንዲት ትንሽ ቀዝቃዛ ነገር ነኩ፣ መሐረብ ጫፍ ላይ የተቋጠረች። ሮተሯ ናት። ትላንት እጁ ሳይጠይቀው ነቅሏታል፤ ዛሬም ጉዲቱ ዕቃውን ከሥራ ሱሪው ወደ ኮቱ ስታዛውር እሷንም አብራ አዛውራታለች፣ እንደ ዘወትሩ። ሞተሩ ደህና ነው። ብቻ እሳቱ ኪሱ ውስጥ ነው።

ሊናገር አፉን ከፈተ። ቀላል ነገር ነው፤ ቆይ፣ ረስቼው ነው፣ እቺውና፣ ብሎ ወርዶ ኮፈኑን ማንሳት ነው። ሰው ይስቃል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ዙሩም ይዞራል። ገሠሠ ግን አላየውም። በመስኮቱ ወደ ጓድ አብተው፣ ማጉያውን ወደያዘው እጅ ዞሮ ነበር።

«እኔ ድሮም ብዬ ነበር» አለ ገሠሠ፣ ድምፁ በስታዲየሙ እየተስተጋባ። «የጣቢያው ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው። የጋሪ ነጂ እጅ ለልጓም ነው የተፈጠረው፣ ለኮፈን አይሆንም። ላምባ እያጠጣ ገደለው።»

ቃል በቃል። አንዲት ፊደል ሳትጎድል። አላስታውስም ያለው ሰውዬ ይኸው፣ እንደ ኢተፋ ሁሉ፣ እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። ይህን ሁሉ ዓመት ይዞት ኖሯል። «ወንድሜ» ሲለውም ይዞት ነበር፣ ሽማግሌ ሲልክም ይዞት ነበር፣ በሩን ሲከፍትለትም ከምላሱ ሥር አድርጎት ነበር። ሕዝቡ ሳቀ። እንደ ያኔው ነው የሳቀው፣ የሚሸፍነውም የማይሸፍነውም፤ አሁን ግን ስታዲየም ሙሉ ነው።

ገሠሠ የተናገረው የገባው ከተናገረ በኋላ ነው። ወደ ጋቢናው ዞረ። «ኢተፋ…» አለ። «ተበሳጭቼ ነው እኮ። ምን ሆኖ ነው? አንተ ታውቀዋለህ፣ ንገረኝ።»

ኢተፋ አየው። መልሱ እዚያው ነበር፤ ከሞጆ መንገድ ጀምሮ ሲያሳጥረው ሲያስረዝመው የኖረው መልስ፣ ተስሎ፣ ምላሱ ጫፍ ላይ። የሚያቀብለው ሰውም ከፊቱ ነው፣ ማጉያውም አለ። ሮተሯን በኪሱ ጨበጣትና፣ በሌላው እጁ የጋቢናውን በር ራሱ ከፈተው። ወረደ። በሩን ሳይወረውር፣ ቀለሙን እንዳይጎዳ አድርጎ መለሰው።

«አሻጥር እንዳይሆን ብቻ!» አለ ጓድ አብተው፣ ያም ቃል በዚያ ዘመን ሰው የሚያስር ቃል ነው። ራህመቶ «ኢተፋ፣ ኧረ በእግዜር» እያለ ከኋላው ሮጠ። ኦቦ ሆራ ዱላቸውን ወደ መሬት አወረዱ፤ እሳቸው ብቻ አልጠሩትም።

«ጓድ ኢተፋ! ወዴት ነው የምትሄደው? መልስ ስጥ እንጂ!» አለ ማጉያው።

ጋሪ ነጂዎቹ መንገድ ለቀቁለት። ከኋላው ሞተሪኖው አንዴ ደግሞ አቃሰተ፣ ባትሪው እየደከመ። ኢተፋ ሜዳውን አቋርጦ፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ፣ በበሩ ወጣ።